የድርቆሽ ግልገል

የፍየላችን ግልገል የሞተው አክስቴ ድሬዳዋ ላይ በሞተች በሳምንቱ ነው። የአክስቴን ሞት እኔና ባሌ ከአባቴ ደበቅን። የግልገሉን ሞት ደግሞ ከፍየሏ እንድንደብቅ አባቴ ራሱ አዘዘን። ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ የተከራየናት ቤት ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ግቢ ብቻ ናት፤ ሁለት መርዶ ባንዴ ደብቆ ለማኖር አትበቃም። ግን ሞከርን።

ይህን የሚሰማ ሰው ያበድን ሊመስለው ስለሚችል ላስረዳ። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። አባቴም እዚያው አድጎ፣ ዕድሜውን በከባድ መኪና ከድሬዳዋ በርበራ ሲመላለስ ኖሮ፣ ሲደክመው ወደ እኔ መጣ። ባሌ ጅግጅጋ ተወልዶ አዲስ አበባ የተማረ ነው። ሦስታችንም ሶማሌዎች ነን፤ ሶማሊኛችን ግን ጎረቤቱን ሁሉ ያስቃል። ቤት ውስጥ የምናወራው በአማርኛ ነው። ከአማርኛው ጋር አንድ ልማድ አብሮን ድንበር ተሻግሯል፤ መርዶ መፍራት። እኛ ባደግንበት አገር የሰው ሞት ዝም ብሎ አይነገርም። መጀመሪያ እህል ይቅመስ ይባላል፣ ከዚያ ዘመድ ይሰብሰብ ይባላል፣ ከዚያ አንደበቱ የቀና ሽማግሌ ይፈለጋል፣ ሽማግሌው እስኪገኝ ደግሞ ባለሐዘኑ እየሳቀ ይሰነብታል። ሐርጌሳ እንዲህ ያለ ነገር አታውቅም። ሰው ጠዋት ከሞተ ከሰዓት በኋላ ይቀበራል፣ ኢና ሊላሂ ይባላል፣ ማታ ያልሰማ የለም።

የእኛ ፍርሃት ምክንያት ነበረው። አባቴ ልቡን ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ወጥቷል። ሐኪሙ ሲያሰናብተን ባሌን ወደ ጎን ጠራና "ድንጋጤ አይስማማውም" አለው። ባሌ ይህችን ቃል እንደ አዋጅ ይዞ ቤት ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በር ሲዘጋ ቀስ ይላል፣ ሲያስነጥስ እንኳ ከግቢ ወጥቶ ነው።

ከሆስፒታል የመጣው አባቴ ግን ድንጋጤ ሳይሆን መሰልቸት ሊገድለው ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ምግብ ስናቀርብለት በጣቱ ነካ አድርጎ ይመልሳል። ሐርጌሳ የግመል ወተት የሞላባት ከተማ ናት፤ እሱ ግን ከገበያ የመጣውን ጭስ ጭስ ይላል ብሎ ተወው። የዱቄት ወተቱን "ይህ የኖራ ውሃ ነው" አለው። በመጨረሻ ባሌ ከከብት ገበያ አንዲት አንገቷ ቡናማ የሆነ ነጭ ፍየል ከነግልገሏ ይዞ መጣ። አባቴ በመስኮት አያት። በማግስቱ ከፈጅር ሶላት በኋላ ወጥቼ ሳይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እያለባት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ሰው ሆነ። "እኔ የምጠጣው ራሴ ያለብኩትን ነው" ስላለ፣ ለመጠጣት ማለብ፣ ለማለብ ከአልጋ መነሳት ነበረበት። ከተነሳ ደግሞ ፊቱን ይታጠባል፣ ከታጠበ ይሰግዳል፣ ከሰገደ ቁርሱን ይቀምሳል፣ ከቀመሰ የኔን ስፌት ይተቻል። ያቺ ፍየል ባትኖር አባቴ አይነሳም ነበር፤ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ፍየሏም የምታውቅ ይመስለኛል፣ አኳኋኗ የጌታ ነው።

ስም አላወጣንላትም። አባቴ ከልክሎናል። "ስም ያወጣሽለትን ነገር ማን ያርደዋል?" ይላል። እኔ የምጠራት "አንቺ" ብዬ ነው፣ ባሌ ደግሞ ሲለምናት "እሜቴ" ይላታል።

ግልገሉ የሞተው ፌስታል በልቶ ነው። የሐርጌሳ ፍየሎች ካርቶን እየበሉ ሲወፍሩ ኖረዋል፤ የኛው ግን ገና ሕፃን ስለነበር አልቻለውም። ሆዱ ተነፍቶ እግሩን ሲዘረጋ አባቴ "ነፍሱ ሳትወጣ ባርከህ እረደው" ብሎ ባሌን አዘዘው። ባሌ የቢሮ ሰው ነው፤ ከዎርክሾፕ ወደ ሚቲንግ፣ ከሚቲንግ ወደ ዎርክሾፕ ነው ሕይወቱ። ቢላዋውን ይዞ ቆመ፣ ቢስሚላህ አለ፣ ዓይኑን ጨፈነ። አባቴ ከበርጩማው ላይ "ዓይንህን ክፈት፣ ጣትህን እንዳታርደው!" እያለ ሲጮህበት እንደምንም ጨረሰ። ከዚያ ቆዳው ሲገፈፍ ገባና በአልጋው ላይ ተቀመጠ። አልሳቅሁበትም ማለት አልችልም።

ፍየሏ ያን ዕለት ማታ ከመንደር ስትመለስ ግቢውን ዞረች፣ ከበርሜሉ ኋላ አየች፣ ከኔ የስፌት መኪና ስር አየች፣ ከዚያ መጮህ ጀመረች። አባቴ ሊያልባት ተቀመጠ። ጡቷ ተወጥሯል፣ አንዲት ጠብታ ግን አልሰጠችውም። አሸላት፣ አባበላት፣ "አይዞሽ" አላት። ምንም። ጠዋትም እንደዚያው። አባቴ ባዶውን ጣሳ ይዞ ገባና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እኔና ባሌ ተያየን።

ከሰዓት በኋላ አባቴ ከአልጋው ሳይነሳ ጠራኝ።

"ቆዳው የት ነው?"

"ጨው ነስንሼበት ቆርቆሮው ላይ ተዘርግቷል።"

"አምጪው። ድርቆሽ ሙይበትና ስፊው።"

በርበራ መንገድ ላይ፣ በወጣትነቱ፣ ከብት አርቢዎቹ እንዲህ ሲያደርጉ ማየቱን ነገረኝ። ልጇ የሞተባት እንስሳ ፊት ቆዳውን በድርቆሽ ሞልተው ያቆሙላታል፤ አሽትታ፣ ልሳ፣ ወተቷን ትለቃለች። አባቴ ራሱ አድርጎት አያውቅም። ግን ሾፌር ነበር፤ ሾፌር ደግሞ በመስኮት ያየውን ሁሉ እንደሠራው ነው የሚቆጥረው።

እኔ የመጋረጃ ሰፊ ነኝ። ለግማሹ ኮድቡር መጋረጃ ሰፍቻለሁ፣ የሙሽራ ቀሚስ አጥብቤያለሁ፣ አንድ ጊዜ ለሚኒባስ መቀመጫ ልብስ ሰፍቻለሁ። ግልገል ግን ሰፍቼ አላውቅም። የጎረቤታችን ሴትዮ በግንቡ በኩል አንገቷን አስግጋ ስታስተምረኝ ዋለች። ባሏ የሞተባት፣ ብዙ ፍየል ያላት፣ ድምፀ ትልቅ ሴት ናት። "አንገቱን አታጥብቂው! ጀርባው ላይ ጨምሪ!" ትለኛለች። አባቴ ደግሞ በመስኮት "ዓይን አያስፈልገውም፣ ፍየል የምታየው ባፍንጫዋ ነው" ይላል። እኔ ግን ዓይን የሌለው ነገር ግቢዬ ውስጥ አላስቀምጥም ብዬ ከአሮጌ ካፖርት ሁለት ቡናማ ቁልፍ ነቅዬ ተከልኩለት። ጎረቤቴ አይታ እስኪያንቃት ሳቀች።

"አበዮ፣ ልትድሪው ነው?" አለችኝ። አበዮ ማለት እህቴ ማለት ነው፤ እሷ ግን የምትለኝ ስትገረምብኝ ብቻ ነው።

ያን ማታ ጭንቅ ሆነ። ባሌ የድርቆሹን ግልገል ይዞ ፍየሏ ፊት አቆመው። ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ ድርቆሹን በግራ በኩል አብዝቼበት ነበር። ፍየሏ ቀርባ ጆሮውን አሸተተች። ቁልፎቹን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ጀርባውን ትልሰው ጀመር። አባቴ በርጩማውን ሳብ አድርጎ እጁን ሰደደ፣ ወተቱም ጣሳው ውስጥ ጮኸ። ባሌ ፊቱን አዞረ። እያለቀሰ ነበር።

"አላልኳችሁም?" አለ አባቴ፣ ጢሙ ላይ ያለው የወተት አረፋ ሳይደርቅ። "ሐዘን የሰው ነው። እንስሳ ያለው አፍንጫ ነው። ሽታው ካለ ልጇ አለ፣ በቃ።"

"አባ፣ እንዲህ አይባልም" አለ ባሌ። "እንስሳትም እንደኛ ያዝናሉ። ዝሆኖች የሞተባቸውን አጥንት እየነኩ ቆመው ይውላሉ። ቪዲዮው ስልኬ ላይ አለ።"

"ዝሆን ስንት ወተት ይሰጣል?"

"የወተት ጉዳይ አይደለም እኮ!"

"የኔ ጉዳይ የወተት ነው።"

"ሐዘን ከሌላት ታዲያ ስታልባት አይዞሽ የምትላት ለምንድን ነው?"

"ልማድ ነው። መኪናዬንም ዳገት ላይ አይዞሽ እላት ነበር።"

ይህ ክርክር ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችን የእራት ወጥ ሆነ። ባሌ ከሥራ ሲመለስ አዲስ ቪዲዮ ይዞ ይመጣል፤ የምታለቅስ ላም፣ ጌታዋን መቃብር ላይ የምትጠብቅ ውሻ፣ የሞተ ልጇን በጀርባዋ ተሸክማ የምትዋኝ ዓሣ ነባሪ። አባቴ ሁሉንም በትዕግሥት አይቶ አንዳንድ ነገር ይጠይቃል፤ ውሻዋን ማን ይመግባታል፣ ዓሣ ነባሪዋን ማን ቀረጸ። አንድ ቀን ጎረቤታችንን ዳኛ አድርገው ጠሯት። እሷም ከብት ሲመታ እንደኛ ያመዋል፣ ሲሞትበትም እንደኛ ይከፋዋል፣ ምላስ ስለሌለው ነው እንጂ ብላ ፈረደች። ቀንድ የሌላት ፍየል ከቀንዳሟ ፍየል ካሳዋን የምትቀበልበት የፍርድ ቀን እንዳለም አስታወሰቻቸው። አባቴ ለሃይማኖቱ ነገር አንገቱን ዝቅ አደረገና "እሱስ እውነት ነው። ግን እስከዚያ ድረስ ወተቱን ማን ያልበዋል?" አለ።

እኔ ወገን አልያዝኩም። ጊዜም አልነበረኝም፤ ግልገሉን የማስተዳድረው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ለእለባው ይወጣል፣ ቀን ፍየሏ መንደር ስትዞር ውሻ እንዳይደርስበት ቆርቆሮው ላይ ይሰቀላል፣ ማታ ይወርዳል። የማውረዱ ሥራ የባሌ ነበር። ከቢሮ በሱፍና በከረባት ይገባና፣ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ያንን ዓይኑ ቁልፍ የሆነ ነገር በብብቱ ይዞ ይወርዳል። አንድ የባጃጅ ሾፌር በር ላይ ቆሞ አይቶት ሒሳቡን ሳይቀበል ሄዷል።

አሁን ወደ ሌላኛው መርዶ ልመለስ።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ትደውልለት ነበር። የሚነጋገሩት ሰላምታ እንዳይመስላችሁ። የሚጣሉት ነው። በልጅነታቸው የእናታቸውን ፔርሙስ ማን እንደሰበረው እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። እሷ አንተ ነህ ትላለች፣ እሱ አንቺ ነሽ ይላል፣ ስልኩ ጆሯቸው ላይ እስኪግል ይጯጯሃሉ፣ ከዚያ "በል ደህና ዋል፣ ግመል" ብላ ትዘጋለች። እሱ ያን ቀን ምሳውን በደንብ ይበላል።

ድንገት ነው የሞተችው። ልጇ ደውላ ስትነግረኝ መቀሴን ይዤ ቆሜ ነበር፤ የሰው መጋረጃ ሰያፍ ቆረጥኩ። አክስቴን በጣም እወዳት ነበር። አባቴ በር ላይ ተቀምጦ ስለነበር ጓዳ ገብቼ ፎጣ ነክሼ አለቀስኩ። ከባሌ ጋር ስንመካከር፣ ትንሽ ይጠንክርና እንነግረዋለን አልን። ልጇም እሺ አለች፤ እሷም የኛው አገር ልጅ ናት፣ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

በሁለት ቋንቋ የሚኖር ቤት ውስጥ ምስጢር መያዝ እንዴት አድካሚ ነው! አባቴ አማርኛም ሶማሊኛም ያውቃል፣ በሾፌርነቱ ከዓረብኛውም አይጠፋም። የቀረን የባሌ የቢሮ እንግሊዝኛ ብቻ ነበር። እራት ላይ ዳቦ እየቆረሰ "የድሬዳዋው ኢሹ አፕዴት አለው?" ይለኛል። እኔ ደግሞ "ኖ አፕዴት" እላለሁ። አባቴ ሁለታችንን አፈራርቆ ያየንና ወደ ሾርባው ይመለሳል።

የመጀመሪያው ጁምዓ ስልኳ ተበላሽቷል አልነው። ሁለተኛው ጁምዓ ኔትወርክ የለም አልነው። በሦስተኛው ጉሮሮዋን አሟት ድምፅ የላትም ማለት ጀመርን። በመሐል አንድ ጠዋት ጎረቤታችን ወሬውን ከድሬዳዋ ዘመዶቿ ሰምታ፣ ጥቁር ሻሿን አስራ፣ "ኢና ሊላሂ ወኢና..." እያለች በራችንን ስትከፍት ያየሁት በአላህ ቸርነት ነው። ሮጬ ወደ ውጭ ገፋኋት።

"አልነገርነውም!" አልኳት።

"ምኑን?"

"መሞቷን።"

ቆማ አየችኝ። "ሞት ይደበቃል እንዴ?"

"ልቡን ያመዋል። እኛ ባደግንበት ሰው እስኪጠነክር..."

"አበዮ" አለች፣ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ። "ፍየሏን አታልዪ፣ እሺ። ሰውየው ግን ምን በድሎሽ ነው?" እንዲያም ሆኖ ዝም ልትልልኝ ማለች። ዝም አለችም፤ ግን ዓይኗን ዝም ማሰኘት አልቻለችም። አባቴን ባየችው ቁጥር "አዴር፣ እንዴት አደርክ?" ትለውና እንባዋ ቅርር ይላል። አዴር አባባ እንደማለት ነው። እሱም "የዚህች ሴት ዓይን መታየት አለበት፣ ለትራኮማ መድኃኒት አለ እኮ" ይለኛል።

ጉሮሮዋ የታመመ ሰው መልእክት ይልካል። እኔም የአክስቴን መልእክት ማድረስ ጀመርኩ። መጀመሪያ "ሰላም ብላለች" ብቻ ነበር። እያደር ግን ሙያው ጣመኝ። "ዱዓ አድርግልኝ ብላለች"፣ "ብርድ እንዳይመታህ ብላለች"፣ "ናፍቀኸኛል ብላለች" እላለሁ። አክስቴ በሕይወት እያለች ያልነበራትን ጠባይ ሁሉ ሰጠኋት። አባቴ ይሰማል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ አንዳንዴ "ናፍቀኸኛል አለች?" ብሎ ይደግመዋል። ደስ ያለው መስሎኝ ነበር። አንድ ጁምዓ ላይ ጥቂት ደብቶት አየሁትና፣ ደስታው ሙሉ እንዲሆን ብዬ አንድ ነገር ጨመርኩ።

"አባ፣ አክስቴ ምን አለች መሰለህ? ፔርሙሱን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ አሁን ልመንለት ብላለች።"

እስቃለሁ። እሱ አልሳቀም። "እንዲህ አለች?" አለ። ከዚያ በትሩን ይዞ ወደ ግቢ ወጣና ፍየሏ አጠገብ ተቀመጠ። የእለባ ሰዓት አልነበረም። እስከ ከሰዓቱ የዓስር ሶላት ድረስ እዚያው ተቀምጦ ጆሮዋን ሲያሻት በመስኮት አየሁት። ድል አድርጎ የጠገበ መሰለኝ።

ያ ሁሉ ሲሆን የድርቆሹ ግልገል መሽተት ጀምሮ ነበር። መሽተት ስል፣ እንግዳ ሲመጣ ባሌ እየማለ ከኛ ቤት እንዳልሆነ የሚናገርበት ዓይነት ነው። ዝንቡ ሌላ። መጋረጃ ሊለኩ የመጡ ሁለት ሴቶች አፍንጫቸውን ይዘው ተመለሱ። አንድ ጠዋት አባቴ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ጠበቅሁና በኦሞ አጠብኩት። በብሩሽ ፈተግኩት፣ ደግሜ ጥሩ መዓዛ ባለው ሳሙና አለቀለቅሁት፣ ፀሐይ ላይ ሰቀልኩት። ነጭ፣ ንጹሕ፣ እንደ ኢድ ልብስ የሚሸት ግልገል ሆነ። በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ። አባቴ ያለው ሽታ ነው። ሽታውን ደግሞ እኔ በገዛ እጄ በባልዲ ውሃ ወደ መንገድ ደፍቼዋለሁ።

ባሌ ከሥራ ሲመጣ ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። ወተቱ ከቀረ አባቴ ተመልሶ ወደ ግድግዳው እንደሚዞር ሁለታችንም እናውቃለን። "ዛሬ ካልሰጠችው ነገም አይነሳም" አለኝ ቀስ ብሎ። ምን እናድርግ? ምንም። መሰላል ላይ ወጥቶ አወረደው።

አባቴ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ፍየሏ ገባች። ባሌ ግልገሉን አቆመላት። አፍንጫዋን አስጠጋች፣ ኦሞውን ሳበች፣ አስነጠሰች። ሁለተኛ አላሸተተችም። በእግሯ ገፋ አድርጋ ጣለችው፣ ተሻግራው አለፈች፣ አባቴ ፊት መጥታ ቆመች። አባቴ እኛን አላየንም። እጁን ሰደደ። ወተቱ መጣ። ጣሳው ግማሽ ሆነ፣ ሞላ፤ ግልገሉ ጎኑን ሰጥቶ መሬት ላይ እንደተኛ ነው።

ባሌ መታገሥ አልቻለም።

"አባ፣ ሽታው የለም። ወተቱ ግን አለ።"

"አየሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ታውቅ ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቀን ይሆናላ። ልጇን ከድርቆሽ የማትለይ ይመስልሃል?"

"አውቃ ከሆነ ወተቷን ለምን ሰጠችህ?"

አባቴ ጣሳውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። "ምን ታድርግ? አንዷ ቁልፍ ትተክላለች፣ አንዱ በከረባት ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ አንዱ ሽማግሌ ጠዋት ማታ ጣሳ ይዞ ይለምናታል። ቤቱ ሁሉ ስለሷ ሲሯሯጥ አየች። አሳዘንናት።"

ባሌ ማሸነፉን ሊናገር አፉን ከፈተ። አባቴ በዚያው ድምፁ፣ ምንም ሳይለውጥ፣ ወደ እኔ ዞረ።

"እህቴን የት ቀበሯት?"

እፍረትም እፎይታም ባንዴ መጣብኝና መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ባሌ ወደ አባቴ ሮጦ ደረቱን ሊይዝለት እጁን ዘረጋ፤ አባቴ እጁን መታው።

"ልቤ ደህና ነው። ያወቅሁት ፔርሙሱን ያመነች ቀን ነው። እህቴ በሕይወት እያለች እንደዚያ አትልም።"

"ለምን አልነገርከንም?" አልኩት።

"እንዴት ልንገራችሁ? ሁኔታችሁን አይቼ ፈራሁ። በድንጋጤ አንዳችሁ ብትወድቁብኝስ? ሐኪሙ ስለ እናንተ ልብ ምንም አላለኝም።"

አልሳቅንም፤ እሱም እንድንስቅ አልጠበቀም። ለብቻው፣ ከፍየሏ ጋር ተቀምጦ፣ ያን ሁሉ ቀን ሐዘኑን ይዞ ኖሯል። ከእናቴ ሞት በኋላ እህቱ ብቻ ነበረች የምትሰድበው። ከዚያ በኋላ ያለምንም ስድብ መኖር ማለት ለሱ ምን እንደሆነ አሁን ይገባኛል።

"ከዚራ ያለው መቃብር ውስጥ፣ ከእናታችሁ አጠገብ ነው የተቀበረችው" አልኩት። "ብዙ ሰው ነበር።"

"ገላዋን ማን አጠበ?"

"ልጇ ናት። ከጎረቤት ሴቶች ጋር።"

"ውሃውስ? ሞቆ ነበር?"

ሳምንታት ሙሉ ስንቱን ነገር ስፈጥር የነበርኩ ሴት፣ ለዚህ ጥያቄ የምፈጥረው አጣሁ። "አላውቅም፣ አባ" አልኩ።

"ብርድ አትወድም። በዚያ በድሬ ሐሩር ብርድ ልብስ ደርባ የምትተኛ ሴት ናት።"

ባሌ ሊያጽናናው ፈልጎ ነው፤ ክፋት አያውቅም። አጠገቡ በርከክ ብሎ "አባ፣ የሞተ ሰው እኮ ውሃው አይሰማውም" አለው።

አባቴ ቀና ብሎ አየው። "አንተ ነህ ይህን የምትለኝ? ለፍየል ጠበቃ ሆነህ ከርመህ፣ እህቴ ላይ ስትደርስ አይሰማትም?"

ባሌ አንገቱን ደፋ።

"ደውይላት" አለኝ አባቴ። "ድምፁን ክፈቺው፣ ራሴ ልስማ። ካንቺ አፍ መልእክት አልቀበልም።"

ደወልኩ። የአክስቴ ልጅ ስታነሳ እንደ ልማዷ "እማዬ ትንሽ ተኝታለች" ብላ ጀመረች። አባቴ በስሟ ጠራትና አቋረጣት። "አውቄያለሁ ልጄ" አላት። "ውሃው ሞቆ ነበር ወይ?"

እሷ ማልቀስ ጀመረች፣ በመሐል ግን መለሰችለት።

"ለብ ያለ ነበር፣ አጎቴ። ክርኔን ነክሬ ነው የሞከርኩት፣ እንደ ሕፃን ውሃ።"

አባቴ "እሰይ" አለ። ማልቀስ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።